ባንኮክ ለሦስት ሌሊት፤ የት ማደር ይሻላል?

«ባንኮክ ልሄድ ነው፤ ያለኝ ሦስት ቀን ነው፤ ሆቴል የት ልያዝ?» የሚል ጥያቄ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ልብስ ሊያመጣ የሚሄድ ነጋዴ፣ ታማሚ ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ፣ ወይም ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ ሁለት ሦስት ቀን ተርፎት ከተማውን ልየው ያለ መንገደኛ ናቸው። የመጡበት ጉዳይ ቢለያይም ስልካቸውን አውጥተው የሚያሳዩኝ አንድ ነገር ነው፦ ዋጋ። «ይሄኛው በዐሥር ዶላር ይቀንሳል እኮ!»

ባንኮክ ላይ ሆቴል የሚመረጠው በባቡርና በጀልባ ነው። ዋጋ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኔ ይህን የተማርኩት ተቀጥቼ ነው። በመጀመሪያ ጉዞዬ ከመሀል ከተማ አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚርቅ፣ ቁርስ ያለው፣ ንጹሕ ሆቴል ያዝኩ። አምስቱ ኪሎ ሜትር ውሸት አልነበረም። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በታክሲ ስመለስ ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። መብራቱ ላይ ያለው ቆጣሪ ከመቶ ምናምን ወደ ታች ይቆጥራል፤ ዜሮ ይደርሳል፤ ሁለት መኪና ያልፋል፤ እንደገና ቀይ። ሾፌሩ የለመደው ነውና ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አቁሞ ቦክስ ያያል። በሦስት ቀን ውስጥ እንደዚህ ያለ ምልልስ ሁለት ሦስቴ ከገጠማችሁ አንድ ሙሉ ቀን መኪና ውስጥ ቀራችሁ ማለት ነው። ያተረፍኳት ዐሥር ዶላር ለታክሲ ሄደች።

ስለዚህ ሰፈሮቹን ላወዳድር። ባንኮክ ትልቅ ከተማ ናት፤ ለአጭር ጉዞ የሚሆኑት ግን አራት ናቸው። አንድ አምስተኛም አለ፣ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ፕራቱናም፦ ሸቀጥ ይዞ ለሚመለስ

ፕራቱናም «የውኃ በር» ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው በሰፈሩ ጥግ በሚያልፈው በሴን ሴብ ቦይ ላይ ካለው የውኃ መዝጊያ ነው። ነጋዴዎቻችን ከባንኮክ አስቀድመው የሚያውቁት ሰፈር ይኼ ነው። ፕላቲነም የሚባለው የፋሽን ሕንፃ ብቻውን ከ2,000 በላይ ሱቆች አሉት። ሥርዓቱ ቀላል ነው፦ አንድ ልብስ ከገዛችሁ የችርቻሮ ዋጋ፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ካነሣችሁ ደግሞ የጅምላ። ሦስቱ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ የሚጠይቅ ሱቅ አለ፤ ቀለምና ቁጥር መቀላቀል የሚፈቅድም አለ። ልጅቷ ካልኩሌተሯን ስትዘረጋላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፤ የዋጋው ድርድር ከዚያ በኋላ ነው።

ፕራቱናምን ከሌሎቹ የሚያስበልጠው ግን ሱቁ ብቻ አይመስለኝም። ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚመጣው ባቡር ራችፕራሮፕ በሚባል ጣቢያ ይቆማል፤ ከዚያ ወደ አብዛኞቹ የፕራቱናም ሆቴሎች በእግር ነው። መንገድ የጠፋበት ሰው ቀና ብሎ ባይዮክን ይፈልግ። 304 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ነው፣ ከየትም ይታያል። ሁለተኛው ጥቅም ጀልባው ነው። በሴን ሴብ ቦይ የምትሄደው ጀልባ የቱሪስት አይደለችም፤ ከሥራ የሚወጣ ሰው የሚሳፈርባት ናት። ገና ሙሉ በሙሉ ሳትቆም ሰው ይዘላል። ረዳቱ የራስ ቁር አድርጎ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ፣ ከውጭ በኩል እየተራመደ፣ በአንድ እጁ ገመድ ይዞ በሌላው ሒሳብ ይሰበስባል። ከፊት ሌላ ጀልባ ሲመጣ ጫፍ ላይ የተቀመጡት ገመዱን ስበው የፕላስቲክ መጋረጃውን ከፍ ያደርጋሉ። ያ ውኃ ፊት ላይ እንዲረጭ የሚፈልግ የለም፤ ሽታውን ሳትወርዱ ትረዱታላችሁ። አፋችሁን ዝጉ፣ ገመዱን ሳቡ፤ ሌላ ሥልጠና አያስፈልግም። ቦቤ የሚባለው የጅምላ ልብስ ገበያ በዚሁ መስመር ላይ ወደቡ አለው። በደርዘን የሚገዛ ሰው ፕላቲነምን ለናሙና፣ ቦቤን ለብዛት ይጠቀምበታል። በመኪና ግማሽ ቀን የሚበላውን መንገድ በጀልባ በደቂቃዎችና በጥቂት ባት (የታይ ገንዘብ ነው) ትጨርሱታላችሁ። ጉትቻ፣ የፀጉር ጌጥና ቁልፍ የሚፈልግ ደግሞ ወደ ቻይናታውን፣ ወደ ሳምፔንግ ጠባብ መተላለፊያ ይሂድ።

ጉድለቱን ልናገር። የእግረኛ መንገዱ በሻጭ ተይዟል፣ ጫጫታው ከባድ ነው፣ ሻንጣ መጎተት ፈተና ነው። ጀልባዋም ሲመሽ ታቆማለች። ለሽርሽር የመጡ ባልና ሚስትን እዚህ አላሳርፍም፤ ይጣላሉ።

ናና፦ ሐኪም ለሚፈልግና እንጀራ ለናፈቀው

አክስቴን ለሕክምና ይዤ የሄድኩ ጊዜ ያረፍነው ናና ነበር። ባምሩንግራድ ሆስፒታል ሱኩምቪት መንገድ ሶይ 3 ውስጥ ነው። ሶይ ማለት ከዋናው መንገድ የሚገነጠል ቅያስ ነው። የሶዮቹን ቁጥር አቀማመጥ አንዴ ከያዛችሁት በሱኩምቪት አትጠፉም፦ ጎዶሎ ቁጥሮች በሰሜን በኩል፣ ሙሉ ቁጥሮች በደቡብ በኩል ናቸው። ሶይ 3 እና ሶይ 4 በዋናው መንገድ ፊት ለፊት ናቸው፤ የሚያገናኛቸው ግን መንገዱ ብቻ ነው። በሶይ 3 በኩል ሆስፒታል፣ የዐረብ ምግብ ቤቶች፣ ሽቶና ሺሻ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ታማሚዎችና አስታማሚዎች። በሶይ 4 በኩል ሲመሽ ቀይ መብራት የሚበራባቸው ቡና ቤቶች። የሆቴሎቹ ስም «ናና» ስለሚል ብቻ እናቱን ይዞ ሶይ 4 የገባ ሰው ማታ ላይ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል። ቤተሰብ ከሆናችሁ ጎዶሎውን ያዙ።

ታማሚ ይዞ ለሚሄድ ምክሬ አጭር ነው። መጀመሪያ የሆስፒታሉን ሶይ እወቁ፣ ቀጥሎ በእግር የሚደረስ ሆቴል ፈልጉ። ጠዋት ደም ትሰጣላችሁ፤ «ከሰዓት ተመለሱ» ትባላላችሁ፤ በመሀል ታማሚው የሚጋደምበት አልጋ ቅርብ ካልሆነ ቀኑን ወንበር ላይ ይጨርሰዋል። አንድ ስሕተት ደጋግሜ አይቻለሁ፦ «ባንኮክ ሆስፒታል» የተባለው ናና ያለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እሱ ያለው ከኒው ፔችቡሪ መንገድ በሚገነጠለው ሶይ ሱንዊጃይ ነው። ሳሚቲዌት ደግሞ እዚያው ሱኩምቪት ቢሆንም ሶይ 49 ላይ ነው፤ ከናና በእግር አይሞከርም።

አክስቴ ሁለተኛው ቀን ላይ የሆስፒታሉን ሎቢ ዙሪያውን አየችና «አንተ ልጅ፣ ሆቴል አምጥተኸኝ ነው ወይስ ሐኪም ቤት?» አለችኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ ሩዝ አልፈልግም አለች። ደግነቱ በዚያ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም። ሽሮው ሲመጣ ዝም ብላ በላች፣ ቡናው ሲመጣ ማውራት ጀመረች። ለአስታማሚ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መጓጓዣው ጥሩ ነው። ቢቲኤስ የሚባለው በድልድይ ላይ የሚሄድ ባቡር ናና ላይ ጣቢያ አለው፤ ቀጣዩ አሶክ ላይ ከምድር ውስጥ ባቡሩ ጋር ይገናኛል። ዋጋው ከፕራቱናም ጠንከር ይላል። ለንግድ ብቻ የመጣ ሰው እዚህ የሚከፍለው ትርፍ ገንዘብ ነው።

አሮጌው ከተማና የወንዙ ዳር

እነዚህን ሁለቱን ቶሎ ልለፋቸው። አሮጌው ከተማ፣ ራታናኮሲን፣ ቤተ መንግሥቱና ታላላቆቹ ቤተ መቅደሶች ያሉበት ነው። ብቻውን የመጣ፣ ቦርሳው ቀላል፣ ዓላማው ማየት ብቻ የሆነ ሰው ይመቸዋል። ካኦ ሳን መንገድ ላይ ግን አትደሩ፤ ስሙ «የተፈተገ ሩዝ» ማለት ነው፣ የሩዝ ገበያ ነበር፣ አሁን እስከ ንጋት የሚያንባርቅ ሙዚቃ ነው። ትንሽ ፈቀቅ ብላችሁ ፕራ አቲት መንገድ ላይ ብታድሩ የወንዙ ጀልባ ወደብ እግራችሁ ሥር ነው፣ እንቅልፍም አለ። የሰፈሩ ድክመት ባቡር ነው። የምድር ውስጥ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳናም ቻይ ጣቢያ ደርሷል፣ ይህም ዋት ፖ ከሚባለው ቤተ መቅደስ አጠገብ ነው፤ ካኦ ሳንና ፕራ አቲት ግን ከዚያ ራቅ ይላሉ።

የወንዙ ዳር፣ በተለይ ሳፓን ታክሲን ጣቢያ አካባቢ፣ ቢቲኤስና የቻኦ ፕራያ ወንዝ ጀልባ አንድ ቦታ የሚገናኙበት ነው። ጠዋት ከሆቴል ወጥታችሁ ብርቱካናማ ባንዲራ ባላት ጀልባ 16 ባት ከፍላችሁ ቤተ መንግሥቱ ጋ ትወርዳላችሁ። ለሙሽሮች የምመርጠው ይህን ነው። ወንዙን የሚያይ ክፍል ግን ውድ ነው፤ ወንዙን የማያይ ክፍል ይዞ ወንዝ ዳር ማደርም ብዙ ትርጉም የለውም።

አምስተኛው፣ የእኔ ምርጫ፣ ፓያ ታይ ነው። ሰፈሩ በራሱ የሚታይ ነገር የለውም። የአውሮፕላን ማረፊያው ባቡር የሚያበቃው እዚያ ነው፣ ቢቲኤስም እዚያው ላይ ያልፋል። ያለ ምንም ለውጥ ወደ ናና፣ ወደ ሲያም፣ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ወደሚደምቀው ቻቱቻክ ገበያ ይወስዳል። ወደ ፕራቱናምም በባቡር አንድ ጣቢያ ነው። ምን ላድርግ ብሎ ያልወሰነ ሰው እዚህ ይደር።

ከአውሮፕላን ማረፊያው፦ ባቡር፣ ታክሲ ወይስ ግራብ?

ከዚህ በፊት ግን አንድ ወረፋ አለ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ሱቫርናቡሚ በሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ይህን የሚያየው የጤና ቁጥጥር ጠረጴዛ ከኢሚግሬሽን በፊት ነው፤ ሰው ግን የሚያየው ረጅሙን የኢሚግሬሽን ሰልፍ ነውና እሱ ላይ ይሰለፋል። አርባ ደቂቃ ቆሞ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «የጤና ማኅተም የታለ?» ተብሎ የተመለሰ አባት ከፊቴ ነበር። ልጁ ትከሻው ላይ ተኝቷል። እንደወረዳችሁ የጤና ቁጥጥር የሚለውን ምልክት ፈልጉ፣ ቢጫዋን ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ ያዙ። እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ የመግቢያ ካርዱ በኢንተርኔት ሆኗል፤ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ትሞሉታላችሁ፣ ነፃ ነው። ገንዘብ ክፈሉ የሚል ድረ ገጽ ካገኛችሁ ዝጉት። የቪዛው ደንብ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከታይላንድ መንግሥት የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ገጽ አረጋግጡ፤ የጎረቤት ወሬ አይበቃም።

ዶላር የያዘ ሰው ሻንጣ መረከቢያው አጠገብ ባሉት ባንኮች አይመንዝር። ወደ ባቡሩ የሚወስደው ምድር ቤት ውስጥ ያሉት መንዛሪዎች የተሻለ ይሰጣሉ። መቶ ዶላር ኖት ከሃያና ከዐሥር የተሻለ ዋጋ አለው። የተጻፈበት ወይም የተቀደደ ኖት ግን ይመልሱባችኋል። በውጭ ካርድ ከኤቲኤም ብታወጡ በእያንዳንዱ ጊዜ 220 ባት ገደማ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ አታውጡ።

አሁን ወደ መንገዱ። ባቡሩ እስከ ፓያ ታይ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ከፍተኛው ዋጋ 45 ባት ነው፣ እኩለ ሌሊት ላይ ያቆማል። ታክሲ የሚነሣው «1» በሚለው፣ ከመንገዱ እኩል በሆነው ፎቅ ላይ ነው፤ ከማሽኑ ቁጥር ያለው ወረቀት ትወስዳላችሁ፣ ቁጥሩ ወደሚያሳያችሁ ቦታ ትሄዳላችሁ። ሜትሩ ከ35 ባት ይጀምራል፣ የአውሮፕላን ማረፊያው 50 ባት ይጨመራል፣ የፈጣን መንገዱን ክፍያም የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ወረቀቱን ለሾፌሩ አትስጡ፤ ጭቅጭቅ ቢነሣ ማስረጃችሁ እሷ ናት። ግራብ የእኛ ራይድ ማለት ነው። ዋጋውን አስቀድሞ ያሳውቃችኋል፣ ከሜትር ታክሲ ግን ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

የእኔ አመራረጥ ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ ደርሳችሁ፣ ሰው አንድ ወይም ሁለት፣ ሻንጣ በየእጃችሁ አንድ ከሆነ ባቡር፤ አማራጩን አትቁጠሩት እንኳ። በዚያ ሰዓት መንገዱ ተዘግቷል። እኩለ ሌሊት ካለፈ መንገዱ ክፍት ነው፣ ታክሲ ያዙ። ታማሚ ካለ በማንኛውም ሰዓት ታክሲ። ስትመለሱ ሸቀጥ ካለባችሁ ባቡሩ ላይ ለመውጣት አትሞክሩ፤ ፕራቱናም ያሉ ካርጎ ቤቶች ይላኩላችሁ፣ የቀረውን በትልቅ መኪና።

ባጃጅስ? ቱክ ቱኩን ለመሳቅ አንዴ ተሳፈሩበት። ሜትር የለውም፣ ከታክሲ ይወደዳል፣ ጭሱንም በነፃ ይሰጣችኋል።

አንድ ቀን ብቻ ቢኖራችሁ፦ ቤተ መንግሥቱ፣ ዋት ፖ ወይስ ዋት አሩን?

ሦስቱም በአንድ ቀን ይታያሉ ይላሉ። ይታያሉ፣ ግን በባንኮክ ፀሐይ ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ የምታዩት ውኃ የሚሸጥበትን ሱቅ ብቻ ነው። ሁለት ምረጡ።

ታላቁ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1782 ንጉሥ ቀዳማዊ ራማ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሲያመጡ የተጀመረ ነው። መግቢያው 500 ባት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2:30 ተከፍቶ ከቀኑ 9:30 ላይ ትኬት መሸጥ ያቆማል። ኤመራልድ ቡድሃ የሚባለው ምስል እዚያ ውስጥ ነው። ሰው ግዙፍ ነገር ጠብቆ ይገባል፤ ምስሉ ግን ከፍ ካለ ዙፋን ላይ የተቀመጠ፣ 66 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አረንጓዴ ድንጋይ ነው። ወርቁና መስተዋቱ ያስደንቃል፣ ሕዝቡ ያስመርራል። ትከሻና ጉልበት የሚያሳይ ልብስ አያስገባም። ነጠላ የለመደ ሰው ይህ አይከብደውም፣ ጫማ ማውለቁም እንደዚያው።

በር ላይ ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ ንጹሕ የለበሰ፣ ትሑት ሰው ቀርቦ «ዛሬ በዓል ነው፣ እስከ ከሰዓት ዝግ ነው፤ በ20 ባት ሌሎች ቤተ መቅደሶች ላሳያችሁ» ቢላችሁ አመስግናችሁ እለፉ። ቱክ ቱኩ የሚያቆመው የጌጣጌጥ ሱቅ በር ላይ ነው። በሩ ክፍት መሆኑን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት።

ዋት ፖ 300 ባት ነው፣ ለእኔ ከቤተ መንግሥቱ ይበልጣል። ውስጡ የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ይረዝማል፣ ቁመቱ 15 ሜትር ነው። አዳራሹ ለምስሉ ልክ የተሰፋ ልብስ ስለሚመስል አንድ ላይ አታዩትም፤ በምሰሶዎቹ መሀል ቁራጭ ቁራጭ እያደረጋችሁ ነው የምታዩት። መጨረሻው ላይ የእግሩ ውስጥ አለ፤ በዛጎል የተለበጡ 108 ምልክቶች። ከምስሉ ጀርባ በግድግዳው በኩል 108 የነሐስ ሳህኖች ተደርድረዋል። ሰው በትንሽ ገንዘብ የሳንቲም ጎድጓዳ ይገዛና በየሳህኑ አንዳንድ እየጣለ ይሄዳል። ዓይናችሁን ብትጨፍኑ ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ የሚመስል ድምፅ ነው። ከዚህ በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ ያለው የታይ ማሳጅ ትምህርት ቤት ለደከመ እግር መልካም ነው።

ዋት አሩን ከወንዙ ማዶ ነው፣ በጥቂት ባት ጀልባ ትሻገራላችሁ፣ መግቢያው 200 ባት ነው። ግድግዳው በሸክላ ስብርባሪ ያጌጠ ነው። ከውስጥ ይልቅ ከዚህ ማዶ፣ ታ ቲየን ከሚባለው ወደብ በኩል ሆኖ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየቱ ይሻላል፤ ነፃም ነው። ስለዚህ የእኔ ቀን እንዲህ ነው፦ ጠዋት በሩ ሲከፈት ቤተ መንግሥት፣ ምሳ፣ ዋት ፖ፣ ከዚያ ዋት አሩንን ከማዶ። ገንዘብ ለማዳን የፈለገ ቤተ መንግሥቱን ይተወው።

ከከተማ መውጣት የሚፈልግ ሰው አዩታያና ዳምኖን ሳዱዋክ ተንሳፋፊ ገበያ መሀል ያመነታል። አታመንቱ፣ አዩታያ። ተንሳፋፊው ገበያ ፎቶው ላይ እንደምታዩት ነው፣ ከፎቶው ግን ብዙ አይጨምርም፤ ጀልባ ላይ ተቀምጣችሁ የምትገዙት ፕራቱናም ያለውን ማግኔትና ቲሸርት በእጥፍ ዋጋ ነው። አዩታያ ከ1351 እስከ 1767 እ.ኤ.አ. የግዛቱ ዋና ከተማ የነበረች፣ የበርማ ጦር ያፈረሳት ናት። በተራ ባቡር ሦስተኛ ማዕረግ በ20 ባት ገደማ ትደርሳላችሁ፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ እንቁላልና ሩዝ የሚሸጡ ሴቶች ይገባሉ። የፋሲልን ግንብ ያየ ሰው እነዚያ የጡብ ፍርስራሾች መሀል ሲቆም ሌላ ነገር ይታሰበዋል፤ ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1511 አዩታያ መልእክተኛ ልከው በ1520 ደግሞ ምጽዋ የደረሱት በአንድ ትውልድ ዘመን ነው። ቀናችሁ ሦስት ብቻ ከሆነና ሥራ ካለባችሁ ግን አዩታያንም ለሌላ ጊዜ ተዉት።

ጾምና አሳማ

ጾመኛ ባንኮክ ላይ ይራባል የሚሉ አሉ። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ፣ 17 ቁጥር የሚመስል ፊደል ያያችሁ እንደሆነ ቁሙ። «ጄ» ይባላል፦ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣም የለበትም። ከእኛ ጾም እንኳ ይጠብቃል፤ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት አይገቡበትም። ባንዲራው በሌለበት ቤት «አትክልት ብቻ» ብላችሁ ብታዙ ናም ፕላ የሚባለው የዓሣ መረቅ መግባቱ አይቀርም፤ ዓሣ የምትጾሙ ከሆነ እወቁት።

አሳማ «ሙ» ነው፤ «ማይ ኪን ሙ» ማለት አሳማ አልበላም ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን በደንብ ትሉታላችሁ። ሙስሊም አንባቢዎች ከናና የዐረብ ሰፈር ሌላ ራችቴዊ ጣቢያ አጠገብ ፔችቡሪ ሶይ 7 ውስጥ ዳሩል አማን መስጊድና በዙሪያው ሐላል ምግብ ያገኛሉ፤ ለፓያ ታይም ለፕራቱናምም ቅርብ ነው። በእጅ መብላት ለናፈቀው ደግሞ ካው ኒያው የሚባል ተጣባቂ ሩዝ አለ፤ ቆንጥረው፣ አድቦልቡለው፣ ሶም ታም ከሚባለው የፓፓያ ሰላጣ እያጠቀሱ ይበሉታል። ቃሪያውን አስቀንሱ። «እኛ ሚጥሚጣ የለመድን ነን» ያለ ጓደኛዬ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

የመጨረሻዋ ቀን

ባንኮክ ከአዲስ አበባ በ4 ሰዓት ይቀድማል። ደረሰኝ ላይ እንደ 2568 ያለ ዓመተ ምሕረት ብታዩ አትደንግጡ፤ የእነሱ ዘመን ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማል፣ የእኛ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚቀር ማለት ነው። የሚገርመው ሰዓታቸው ነው፦ ፈረንጅ ማታ 8 ሰዓት የሚለውን እነሱ በቤታቸው ቋንቋ «ሶንግ ቱም» ይሉታል፣ የሌሊት ሁለት፤ ልክ እንደኛ። ሆቴል ላይ ግን በእኛ አቆጣጠር እንዳታወሩ።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። የመልስ በረራችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ ትኬቱ ላይ ያለው ቀን ያታልላል። «ሐሙስ 00:50» ማለት ረቡዕ ማታ ከሆቴል መውጣት አለባችሁ ማለት ነው፤ ሐሙስ ማታ ሻንጣ ጎትቶ የሄደ ሰው አውቃለሁ። እንዲህ ያለ በረራ ሲኖር ሦስት ምርጫ አለ፦ ለሌላ ሌሊት ከፍሎ ክፍሉን መያዝ፣ ግማሽ ቀን ጨምሮ ዘግይቶ መውጣት፣ ወይም ሻንጣውን ሎቢ ማስቀመጥ። ታማሚ ወይም ሕፃን ካለ የመጀመሪያውን ክፈሉ፣ አትሳሱ። ነጋዴ ከሆናችሁ ሁለተኛው ይበጃል፣ ዕቃ ለመጠቅለል ወለል ያስፈልጋችኋል። እኔ ሻንጣዬን ሎቢ አስቀምጣለሁ፣ የመጨረሻዋን ባት በሶም ታም እጨርሳለሁ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ፓያ ታይ ጣቢያ ቆሜ ከታች የተዘጋውን መንገድ እያየሁ ባቡሬን እጠብቃለሁ።